ለስንዱ ሠርግ የተገዛው ገመድ

በእኛ ከተማ አንድ ሰው በገዛ ጥፋቱ ሌላውን ሲያመናጭቅ ከታየ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ የሚጥላት አባባል አለች። ሰሚው ይስቃል፤ የተባለበት ሰው ግን አይስቅም። አባባሏ የወጣችው ከአቶ አሊጋዝ ሳሎን ነው።

አቶ አሊጋዝ ዕድሜያቸውን በእህል ወፍጮ ቤት የጨረሱ ሰው ነበሩ። ከሞተሩ ጋር እየተፎካከሩ ሲያወሩ ስለኖሩ፣ ወፍጮውን ከሸጡ በኋላም ድምፃቸው አልወረደም። ድምፃቸውንስ ሰው ይለምደዋል፤ ቁጣቸውን ግን ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሻል እንኳ አልለመዱትም። ሻዩ ቀዘቀዘ ብለው ይቆጣሉ፤ ሞቆ ሲመጣ ደግሞ አቃጠለኝ ብለው ይቆጣሉ።

ልጃቸው ስንዱ ሐዋሳ ላይ ስትዳር፣ የአቶ አሊጋዝ ታላቅ እህት እትዬ በላይነሽ ሠርጉ ላይ መገኘት አልቻሉም። ዳሌያቸው ተሰብሮ በምርኩዝ ነበር የሚንቀሳቀሱት። ስንዱን ጡት ከጣለች ጀምሮ አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸውና፣ ያን ቀን በር ዘግተው ሲያለቅሱ ዋሉ። ሙሽራው ይህን ሰምቶ የሠርጉን ዲቪዲ ከነማጫወቻው ላከ። ማጫወቻውን ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ግን አብሮ አልመጣም።

አቶ አሊጋዝ የሙሽራውን አባት አቶ ይመርንና ባለቤታቸውን ከኮምቦልቻ ጠሩ፤ እህታቸውን በጋሪ አስመጡ፤ በግ አሳረዱ። ከዚያ ገመዱን ሊገዙ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጩ ወደ ከድር ሱቅ ሄዱ።

ከድር ሁለት ገመድ ባንኮኒው ላይ ዘረጋና፣ “ጋሼ፣ የቴሌቪዥንዎ ጀርባ ምን ዓይነት ቀዳዳ ነው ያለው?” አላቸው። “ክብ ክብ፣ ቢጫ ቀይ ነጭ ከሆነ ይሄኛው ነው። አንድ ጠፍጣፋ ቀዳዳ ከሆነ ደግሞ ይሄ፣ ኤችዲኤምአይ የሚሉት።”

“ዕቃ ሻጭ ነህ ወይስ መርማሪ?”

“እንዳይንገላቱ ብዬ ነው። ካላወቁት ሁለቱንም ይውሰዱና የማይሆነውን ይመልሱልኛል።”

“እኔ አሊጋዝ ዕቃ መላሽ ነኝ? አማቾቼ ቤቴ ቁጭ ብለው ርካሽ ገመድ ልታሸክመኝ ነው? ውዱን አምጣ!”

ከድር ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ጫፉ በወርቅማ ቀለም የተለበጠውን ወፍራም ኤችዲኤምአይ ጠቀለለላቸው።

ቤት ሲደርሱ እንግዶቹ በልተው ጠግበው፣ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረው ተቀምጠዋል። እትዬ በላይነሽ ከፊት ናቸው፤ ዓይናቸው ደከም ስላለ አስጠግተዋቸዋል። አቶ አሊጋዝ አንዱን ጫፍ ማጫወቻው ላይ ሲሰኩት ጠቅ ብሎ ገባ።

“አያችሁ! ደህና ዕቃ እንዲህ ነው!”

ሌላውን ጫፍ ይዘው ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ጎንበስ አሉ። ጀርባው ያበጠ የድሮ ቴሌቪዥን ነው። ያሉት ሦስት ክብ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፤ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ። አቶ አሊጋዝ ጆሯቸው ድረስ ጋሉ።

“ይመኙሻል! ይሄን ቴሌቪዥን ማነው የነካካው?”

“ኧረ ማንም አልነካው፤ ሲገዛም እንዲሁ ነበር።”

አቶ ይመር ብድግ አሉ። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። “አቶ አሊጋዝ፣ ይሄ ገመድ ለዚህኛው አይሆንም። ሱቁ ቅርብ ከሆነ እኔ ደረስ ብዬ ልቀይረው፤ እርስዎ ከእንግዳ ጋር ይጫወቱ።”

ይህ ደግ ቃል ለአቶ አሊጋዝ እንደ ስድብ ተሰማቸው። በገዛ ቤታቸው፣ በሚስታቸው ፊት፣ ሰው ያስተምራቸው?

“ቴሌቪዥንህ አሮጌ ነው ልትለኝ ነው? ቁጭ በል አንተ!”

አማች አንተ ተባለ። የአቶ ይመር ባለቤት ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

አቶ አሊጋዝ ግን ፒንሳ አንስተው ጠፍጣፋውን ጫፍ ቢጫው ቀዳዳ ውስጥ ለመክተት ይታገሉ ጀመር። “ይገባል! በግድህ ትገባለህ!” እያሉ በጉልበታቸው ሲገፉ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ተሰበረ፤ ቴሌቪዥኑም ከጠረጴዛው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። የመስታወቱ ስብርባሪ እትዬ በላይነሽ እግር ሥር ደረሰ።

አቶ አሊጋዝ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ፣ ገመዱን በእጃቸው እንደጨበጡ ወደ ሱቁ ገሰገሱና ከድርን በኮሌታው ያዙት።

“አዋረድከኝ! የማይሆን ዕቃ ሸጠህልኝ ቤቴን አፈረስክ!”

“ጋሼ፣ ጠይቄዎት ነበር እኮ” አለ ከድር፣ እጃቸውን ሳይገፋ።

ዕቃ ሊገዛ የቆመው ሰው ሁሉ አየ። ቃሉ እውነት ስለነበር ይበልጥ አንገበገባቸው፤ ገመዱን ፊቱ ላይ ወርውረው ወጡ።

ሲመለሱ ሳሎኑ ባዶ ነው። ይመኙሻል ስብርባሪ ይጠርጋሉ፤ እትዬ በላይነሽ ጋቢያቸውን ደርበው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

“እንግዶቹስ?”

“ባጃጅ ሊጠሩ ወጥተዋል” አሉ እህታቸው። “ዲስኩን አውጥቼ ሰጥቻቸዋለሁ። እኔም አብሬያቸው ኮምቦልቻ እሄዳለሁ፤ የልጄን ሠርግ እነሱ ቤት አያለሁ።”

“እትዬ! ወንድምሽ ቤት እያለ ባማች ቤት? ይሄ ሁሉ የከድር ሥራ ነው! ያ ይመርም ባይናገረኝ…”

“ዝጋ አፍህን!” ምርኩዛቸው ወለሉን ሲመታ ይመኙሻል ደንግጠው መጥረጊያውን ለቀቁት። እትዬ በላይነሽ ወንድማቸውን ሲቆጡ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። “ስንዱን ለማየት መጥቼ ያንተን እብደት አየሁ። ገመዱን ሳትገዛ አንድ ጊዜ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ብታየው ምን ነበረበት?”

ውጭ የባጃጁ ጡሩምባ ተሰማ፤ አቶ ይመር በሩ ላይ ደርሰው እጃቸውን ዘረጉላቸው፤ አሮጊቷም ያን እጅ ይዘው እየተነሱ፣ ወደ ወንድማቸው ዞር ሳይሉ እንዲህ አሉ፦ “ቀዳዳውን ሳያዩ ገመድ መግዛት፣ እንግዳ ጠርቶ መቆጣት!”