ቦራ ያየው እግዜር

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ። ተረት ነው፤ ሳቃችሁን ግን ለኋላ አቆዩልኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ በነበረው ዘመን፣ አያ ደምለው የሚባል አራሽ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ደረቱን ነፍቶ በረቱ ደጃፍ ቆመና ቄሱ ያስተማሩትን ለከብቶቹ ነገራቸው። ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጥሯል፤ በምድር ላይ የተሾመውም እሱ ነው አላቸው። «እንግዲህ እኔን ያየ እግዜርን አየ» ብሎም ጨመረበት። ይቺን ቄሱ አላሉም፤ የራሱ ናት። ከዚያ ጠላውን ሊጠጣ ገባ። የከብቶቹ ገንዳ ባዶውን ነበር።

ከብት የዋህ ነው፤ የነገሩትን ያምናል። እግዜር ምን እንደሚመስል ተቀምጠው ይመረምሩ ጀመር።

አህያ አሰበች፣ አሰበች። እግዜር ማለት ጭነት የሚጨምር ነው አለች።

ቀንበር አሰበ፣ አሰበ። እግዜር ማለት ካልተሰበሩ በቀር ዞሮ የማያይ ነው አለ።

በሬው ቦራም አሰበ፣ አሰበ። ቀንበሩ የላጠው ጫንቃው ቆስሎ ዝንብ ወሮታል። እግዜር ማለት ጅራፍ የያዘ ነው አለ።

ሦስቱም ፈሩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እንደ ልማዳቸው ፈጣሪን አላመሰገኑም። እንዲህ ያለውን ማን ያመሰግናል?

ወሩ ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ጥሏል። ያን ሰሞን ያልታረሰ ማሳ ለልጆች የዓመት ረሃብ ነው። አያ ደምለውም ቦራን ከጎረቤት በሬ ጋር አጣምሮ ሊያርስ ወጣ። ሰኞ ጠመደ፣ ቦራ ተኛ፤ ቢገርፈው አልተነሣም። ማክሰኞ ጠመደ፣ ቦራ ተኛ፤ ቢገርፈው አልተነሣም። ረቡዕ ጠመደ፣ ቦራ ተኛ። ጅራፉን ሲያነሣ ግን ቦራ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ መምታቱን ይምቱኝ። እኔ እግዜርን አይቼው አላውቅም፤ ያየሁት እርስዎን ነው። እውነት እሱ እንደዚህ ነው?»

አያ ደምለው ጅራፉን አወረደ። አፈረ፤ በጣም አፈረ። «ኧረ እሱስ እንደዚህ አይደለም» አለ።

«ታዲያ ምን ይመስላል?»

አያ ደምለው ጅራፉን ጣለ፤ ቀንበሩን ፈታ። ወንዝ ወርዶ ውሃ ቀዳና ራሱ ሳይጠጣ ለቦራ አቀረበ። የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ሊበላት ያስቀመጣትን ቅቤ አምጥቶ ቁስሉን ቀባው። የቀንበሩንም ሻካራ በቢላዋ ላገው። የአህያዋንም ጭነት ከሁለት ከፍሎ ግማሹን በራሱ ትከሻ ተሸከመ።

ቁስሉ ደረቅ ሲል ቦራ ሳይጠሩት ተነሥቶ ማሳው ላይ ቆመ። አህያዋ እግዜርን አየኸው ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ፊቱን አላየሁትም» አለ ቦራ። «ግን ደግ ሳይሆን አይቀርም።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በረቱ ውስጥ ምስጋና ተሰማ።

አያችሁ፣ ተሾምኩ ማለት ቀላል ነው፤ ጭንቁ የሾመውን መምሰል ነው። እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ሂዱና ገንዳውን ሙሉ።