በሞቴ የተጎረሰ ጉርሻ

አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ስሟ ትርፌ ይባላል። ገበያው ዳር ባለች ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በወር አንዴ ብቅ ብሎ ልብሱን አሳጥቦ ይሄዳል። ሦስት ልጆች አሏት። ቤት ውስጥ ደግሞ አልጋ ላይ የዋሉ እናት አሏት፤ እማማ ባንቺአየሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ስለጣለው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የምታነሳቸው ትርፌ ናት። በቀን አራት ጊዜ፤ አንዳንድ ቀን አምስት።

ትርፌ ምግብ የምትበላበት ጊዜ የላትም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት። "ምሳ በላሽ ወይ?" ብትሏት "ኧረ ተዉኝ፣ እህል በአፌ አልዞረም" ትላችኋለች፤ ስትልም ከልቧ ነው። ሰሃን ይዛ፣ ቁጭ ብላ፣ "ይሄ የእኔ ነው" ብላ የበላችበትን ቀን አታስታውስም። ግን ትወፍራለች። በዓመት ሁለቴ የቀሚሷን ጎን ተርትራ ጨርቅ ትጨምርበታለች። ጎረቤቶቿ ደግሞ "ተመችቶሻል!" ይሏታል። መቼም የእኛ ሰው ወፍራም ሲያይ የሚታየው ድሎት ነው። እሷም ፈገግ ትላለች፤ ምን ትበል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሹ ልጅ ግማሽ እንጀራ ትቶ ይነሳል። መካከለኛዋ ወጡን እየመረጠች በልታ እንጀራውን ትተወዋለች። እህል ይጣላል እንዴ? ነውርም ነው፣ ኃጢአትም ነው። ስለዚህ ትርፌ ሰሃኑን ወደ ማጠቢያው እየወሰደች፣ እንደቆመች፣ የተረፈውን ትጎርሰዋለች። በእሷ ቤት ይህ መብላት አይባልም፤ ገበታ ማንሳት ነው የሚባለው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የእናቷ ጉርሻ ነው። የእማማ ባንቺአየሁ ቀኝ እጅ ደህና ነው። ምግብ ሲቀርብላቸው አንዱን ጠቅልለው ይጎርሱና ሁለተኛውን ወደ ልጃቸው ይዘረጋሉ። ጠግቤያለሁ ብትል፣ ቆይ ብትል፣ "በሞቴ" ይሏታል። ጤነኛ ሰው ሲለው እንኳ የሚከብድ ቃል ነው፤ አልጋ ላይ ያለ ሰው ሲለውማ ማን ደፍሮ እንቢ ይላል? ትርፌ ያ ቃል በተጠራ ቁጥር አፏን ትከፍታለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ደግሞ ሁለተኛው ይመጣል፣ ሦስተኛውም ይከተላል።

እናትየው ላይ አትፍረዱ። በክፉ ቀን ሦስት ልጆች ቀብረዋል። ሦስቱም መጀመሪያ ከሱ፣ ከዚያ ዝም አሉ፣ ከዚያ የሉም። አራተኛዋ ስለተረፈችላቸው ነው ትርፌ ብለው የጠሯት። ለእሳቸው ክሳት ማለት የሞት መጀመሪያ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ትርፌ እናቷን ከአልጋ ስታነሳ ቀኝ ጉልበቷ ቋ አለና ከዳት። ግድግዳውን ባትደገፍ ኖሮ ሁለቱም መሬት ነበሩ። እናቷ አላወቁም። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት ቤቱን ሠራባት። መርፌ ላይ ክር ስታስገባ "ብወድቅስ?" ትላለች። የልጆቹን ፀጉር ስታበጥር "እኔ ብወድቅ እማዬን ማን ያነሳታል?" ትላለች። እናቷን ልታነሳ ጎንበስ ባለች ቁጥር ጉልበቷን፣ ዛሬን ብቻ፣ እባክህ ዛሬን ብቻ እያለች ትለምነዋለች። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ የደም ግፊቷን ለክታ፣ ሚዛን ላይ አቁማት፣ ክብደቷን ካልቀነሰች ጉልበቱ እንደማይሻለው፣ ግፊቱም ዝም ብሎ እንደማይተዋት ነገረቻት።

የፈራ ሰው ይቸኩላል። ትርፌም ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ስኳር የሌለው ሻይ፣ ቀን አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ማታ ምንም ሆነች። ጎህ ሲቀድ ተነስታ ዳገቱን እያለከለከች ትወጣለች። የእናቷን "በሞቴ" እንዴት አለፈችው አትሉኝም? ሱባኤ ይዣለሁ አለቻቸው። በእግዜር ስም ዋሸች እንግዲህ። እማማ ባንቺአየሁም ሱባኤ የያዘን ሰው ብላ አይሉትምና እጃቸውን ሰበሰቡ። በነዚያ ቀናት ትርፌ በሆነ ባልሆነው ልጆቿ ላይ ጮኸች፤ የሰው ሸሚዝ እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ ደንበኛ አስቀየመች።

በአምስተኛው ቀን እናቷን ብድግ ስታደርግ ዓይኗ ጨለመ። ተያይዘው ወደቁ።

እግዜር ይመስገን፣ አጥንት አልተሰበረም። ትልቋ ልጅ ጎረቤት ልትጠራ ስትሮጥ ሁለቱ ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው ቀሩ። እናትየው ስለራሳቸው ጎን ምንም አላሉም። በደህናው እጃቸው የልጃቸውን ፊት ዳሰሱና "ከሳሽብኝ" አሉ። ከዚያ በኋላ ሱባኤም አልሠራም። ጉርሻው እጥፍ ሆነ፤ ትርፌም ጣልኳት በሚል ፀፀት የመጣውን ሁሉ ጎረሰች። በሦስት ሳምንት ውስጥ የቀነሰችውን መልሳ ሁለት ኪሎ ጨመረችበት። ፍርሃቱ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም አሁን መውደቅ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለች።

በዚህ መሀል አያ ይመር የተቀደደ ጆንያ ሊያሰፉ መጡ። አያ ይመር ዕድሜያቸውን ሙሉ በአህያ እህል ሲያመላልሱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ትንሽ ነገረኛም ናቸው። ትርፌ ጠረጴዛውን ጨብጣ፣ ጥርሷን ነክሳ ከወንበሯ ስትነሳ አዩና ምን እንደሆነች ጠየቋት። እስካሁን ምን ሆነሽ ያላት ሰው ስላልነበረ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው። ጉልበቱን፣ ግፊቱን፣ የውሸት ሱባኤውን፣ መውደቁን።

"አህያ አራግፈሽ ታውቂያለሽ?" አሏት።

የት አውቄ አለች።

አህያ ሁለት ጆንያ በግራና በቀኝ ትጫናለች አሏት። የቸኮለ ሰው አንዱን ፈቶ ድንገት ሲጥለው የወዲያኛው ይከብድና ጭነቱ ይዞራል፤ ኮርቻውም ከሆዷ ስር ይገባል፤ አህያዋም ትወድቃለች። ስለዚህ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ እኩል ያወርዳል።

"አንቺ አንዱን ጆንያ ወርውረሽ ነው የወደቅሽው" አሏት።

"ሁለት ሰው ካስፈለገ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ አያ ይመር።"

"ብቻውን የሆነ ሰው ከግራ አንድ ቁና፣ ከቀኝ አንድ ቁና እያለ ይቀንሳል። ይዘገያል። አህያዋ ግን አትወድቅም።" ጆንያቸውን አጣጥፈው ሊሄዱ ሲሉ መለስ አሉ። "ደግሞ እኔ ባለቤት የሌለው ጭነት አይቼ አላውቅም። አንቺ የተሸከምሽው የማን እህል ነው?"

ትርፌ በዚህ ጥያቄ ተናደደች። የማን ይሆናል? የራሴ ነዋ፤ ሰው ሲያረጅ እንቆቅልሽ ይወዳል ብላ መስፋቷን ቀጠለች። ነገሩ ግን አልለቀቃትም፤ እስከ ምሳ ሰዓት ሲከነክናት ዋለ።

በዚያ ቀን ለእናቷ ምሳ አቅርባ፣ ጉልበቷ ስላልቻለ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ሌላ ጊዜ ጉርሻውን የምትቀበለው ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗ ልጆቹ ላይ፣ ጆሮዋ በር ላይ ሆኖ ነው። ዛሬ ግን አየች። እማማ ባንቺአየሁ አንድ ትንሽ ጎረሱ። ከዚያ ትልቅ ጠቅልለው ለእሷ ሰጧት። ደገሟት። እንደገና በሁለት ጣት የምትያዝ ትንሽ ለራሳቸው ቆረሱ፣ ለእሷ ግን እፍኝ የሚሞላ ጠቀለሉ። እንጀራው እየተጋመሰ ነው፤ እናቷ የጎረሱት ግን ሕፃን የሚያጠግብ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር ማለት ነው። ሰሃኑ ባዶ ሲመለስ ትርፌ "ተመስገን፣ እማዬ በላች" እያለች ታጥበው ነበር።

እማማ ሌላ ጉርሻ ዘረጉ። "በሞቴ" አሉ።

ትርፌ አፏን አልከፈተችም። የእናቷን አንጓ ያዘች። ጣቶቿ ዞረው ተገናኙ፤ አልፈውም ተደራረቡ። ያኔ የደረሰባት ድንጋጤ ጉልበቷ ከከዳት ቀን የባሰ ነበር።

"እማዬ፣ ይሄ ያንቺ ነው። አንቺ ብይው።"

"ትርፌ፣ እነዚያም እንዲህ ነው የጀመራቸው" አሉ እናትየው። "መጀመሪያ ጉንጫቸው ነው የሄደው። ያንቺ ሲሄድ አላይም።"

"እነሱ አጥተው ነው፣ እማዬ። እኛ አላጣንም።" የእናቷን እጅ ወደ ዓይናቸው ከፍ አደረገችው። "እስቲ ይሄን እጅ እይው። እህል እያለሽ የከሳሽው አንቺ ነሽ። በሞቴ ባልሽኝ ቁጥር የምትሞቺው አንቺ ነሽ። ያንቺንም እህል እኔ ተሸክሜ፣ አንቺንም እኔ አነሳለሁ፤ አልቻልኩም። እኔ ብወድቅ ማን ያነሳሻል?"

 ጉርሻው በእጃቸው እንደተያዘ ነው፤ ወጡ በአንጓቸው ላይ ይወርዳል። የገዛ እጃቸውን ያዩት ነበር፤ እንደ ሌላ ሰው እጅ። ከዚያ ጉርሻውን ወደ ራሳቸው አፍ መለሱት። ሲያኝኩ እንባቸው ይወርድ ነበር። ዋጥ አደረጉና "ጨው አብዝተሽበታል" አሉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ወጡን አጣጥመው አያውቁም ነበር። ትርፌ ይህን ስትሰማ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

አሁን በአንድ ጊዜ ቀጥና ዳነች እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልዳነችም። በመጀመሪያው ወር ያደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለራሷ ሰሃን ያዘች፤ ከእናቷ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ በላች። ልጆቹ "እማዬ ምን ሆና ነው የተቀመጠችው?" ተባባሉ። በሚቀጥለው ወር ለልጆቹ የምታቀርበውን መጠን አሳነሰች፤ የተረፈውን ደግሞ የግቢው ዶሮዎች ወረሱት። ከዚያ ከገበያ ስትመለስ ባጃጅ መሳፈር ትታ በእግሯ ትመጣ ጀመር፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምትወስደው በዚያው መንገድ ስለሆነ ሌላ ሰዓት አላስፈለጋትም። ትልቋ ልጅም አያቷን በአንድ በኩል ደግፋ ማንሳትን ተማረች። በዓል ሲመጣ የቀነሰችው ይመለሳል፤ ትናደዳለች፤ ሰኞ ደግሞ ሰሃኗን ይዛ ትቀመጣለች። ጎረቤቶቿ "ምነው ከሳሽ? አሞሻል እንዴ?" ማለት ሲጀምሩ እናቷ ደንግጠው በየጠዋቱ ጉንጯን ይዳስሱ ነበር። እሷም ታስዳስሳቸዋለች።

በዓመቱ ነርሷ ስትመዝናት አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሳ ነበር። ብዙ አይደለም የሚል አይጠፋም። ሁለቱ ሴቶች ግን ከዚያ ወዲህ አልወደቁም። ፍርሃቷም ጨርሶ አልለቀቃትም፤ ዛሬም እናቷን ከማንሳቷ በፊት ትንሽ ቆም ትላለች። ከቆመች በኋላ ግን ታነሳቸዋለች።

ወገኖቼ፣ ፍቅር ብለን የምንጎርሰውም የምናጎርሰውም ሁሉ ፍቅር አይደለም፤ አንዳንዱ ፍርሃት ነው። ለሰው ሲል ራሱን የረሳ ሰው ራሱንም ያንንም ሰው ይዞ ይወድቃል። ሸክም ደግሞ በድንጋጤ አይጣልም፤ ቁና በቁና ነው የሚራገፈው፤ ያውም ከገዛ ሰሃን ተጀምሮ።

ይህን አንብባችሁ ለሌላው ከማካፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በእናንተ ቤት ሕፃኑንም፣ በሽተኛውንም፣ ገበታውንም የሚያነሳው ሰው ማን ነው? ዛሬ ቁጭ ብሎ በልቷል?