የቦዩ ድንጋይ

ከተራራ ሥር፣ ጠዋት ጠዋት ጉም በሚተኛባት አንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ሸህ ጀውሃር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ለልጆች ቁርኣን ያስቀራሉ፤ የሚበሉት ግን ከማሳቸው ነው።

ውሃው ከምንጩ በቦይ ይወርድና አንድ ድንጋይ ዘንድ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ እኩሌታው ወደ ሸሁ ማሳ፣ እኩሌታው አረቡ ወደሚባለው ጎረቤታቸው። አንድ ቀን ጉሙ ሲገለጥ ድንጋዩ ከቦታው ተነሥቶ፣ ውሃው ሁሉ ወደ አረቡ ዞሮ ተገኘ። የሸሁ በቆሎ እንዲያሽት ሁለት ጊዜ ውሃ መጠጣት ብቻ ቀርቶት ነበር።

ሸሁ ለቃዲው ከሰሱ። አረቡ አልነካሁም አለ፤ ድንጋዩ ድሮም እዚያው ነበር የሚሉ አምስት ዘመዶቹንም ይዞ መጣ። ድንጋዩን የተከሉት ሰዎች ሞተዋል። ለሸሁ የቀረላቸው ምስክር አደም የሚባል ጎረቤት ብቻ ነው።

አደም ሸሁን ይወዳል። ቀረበና አረቡ ድንጋዩን ሲገፋ በዓይኔ አይቻለሁ አለ።

ሸሁ ቀና ሳይሉ፣ «አደሜ፣ የዚያን ቀን ጉም ነበር» አሉት።

አደም ወደ ቃዲው ዞረ። ከዚያ፣ «ጉም ነበር። ድንጋይ ሲንሸራተት፣ ውሃ ሲዞር ሰማሁ። ሰው አላየሁም» አለ።

ቃዲውም ማስረጃ የሚጠየቀው ከከሳሽ ነው፣ እሱ ካላሟላ ተከሳሽ ምስክር ማሰማት አያሻውም ብለው አምስቱን ሳይሰሙ አሰናበቱ። የአረቡ አጎት፣ «ስንቅ አስይዘህ ያመጣኸን ለዚህ ነው?» እያለ ተነሣ።

አንድ መብት ቀርቶ ነበር። ሸሁ ከፈለጉ አረቡን በአላህ ስም ማስማል ይችላሉ። አረቡ ሊምል ብድግ አለ። ሸሁ ፊቱን አዩትና አይማል አሉ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

በመንገድ አደም ለምን እንዳላስማሉት ጠየቃቸው።

«የጎደለኝን ማስረጃ በሰው ኢማን፣ በሰው እምነት አልሞላም» አሉት።

በቆሎው ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ሸሁ ከንጋቱ የፈጅር ሶላት በኋላ ማሳው ዳር ይቆማሉ። ውሃው በጉሙ ውስጥ፣ እንደ ሕልም፣ ድምፁን ብቻ እያሰማ በወዲያ በኩል ያልፋል። እኔም ገበሬ ነኝ፤ ያ ድምፅ ለጆሮ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

በዘጠነኛው ቀን አደም እየሮጠ መጣ።

«ሸህዬ፣ ድንጋዩ ተመልሷል። አረቡ ነው የመለሰው።»

«አየኸው?»

«ጉም ነው። ሲንሸራተት ሰማሁ።»

«እንግዲያ ስሙን አታንሳ» አሉና ውሃውን ሊቀበሉ ወረዱ።

ከበቆሎው ግማሹ ተረፈ።

የአደም ጆሮ ሁለቱንም ጊዜ አልተሳሳተም ይሆናል። ሸሁ ግን ያልታየውን ሰው ሲያጠፋም ሲመልስም እኩል ሸፈኑት። በጉም የሄደ ሰው፣ ሊያሳፍሩት ደጁ ላይ ቆመው ካልጠበቁት፣ በጉም ይመለሳል።