የአቶ ዘርጋው የሰርግ መኪና

የወረዳው ሹም አቶ ዘርጋው መሪ ጨብጠው፣ ሚስታቸው ከኋላ እየገፉ፣ አሮጌዋ መኪና ጋራዡ በር ላይ ደረሰች። መካኒኩ መፍቻውን አስቀምጦ ሳቁን ዋጠ።

«ሙሽራዬን ከአባቷ ቤት ያመጣሁት በዚህች መኪና ነው» አሉ ሹሙ ከመቀመጫቸው ንቅንቅ ሳይሉ። «ልክ እንደዚያን ቀን አድርገህ ካልሠራሃት፣ ጋራዥህን አሽገዋለሁ!»

መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ያልዛገ ብረት የለም። ቀና ብሎ ደግሞ የሹሙን ቦርጭና መላጣ አየ።

«እሺ ጌታዬ፤ ምስክር ግን ያስፈልገናል» አለና ላባቸውን ወደሚጠርጉት ሚስት ዞረ። «እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። ‹ባለቤቴ ዛሬም ልክ እንደ ሰርጋችን ቀን ነው› ካሉኝ፣ እኔም መኪናዋን እንደዚያን ቀን አደርጋታለሁ። ካላሉኝ ግን፣ ማሸጉ ከእናንተ ቤት ይጀመር።»