ቤቱ የእርስዎ ነው

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገሩኝ ሸህ ዘይኑ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸውና፣ በሰፈራችን መስጂድ ሙአዚን ነበሩ።

በአንዲት ጥንታዊ የወደብ ከተማ ከኢራን ተሰደው የመጡ ጥቂት ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር። ሽማግሌያቸው ሐጂ ፈትሁላህ የሻይ ቅጠል፣ አይ፣ ልታረም፣ የዘቢብና የተምር ነጋዴ ነበሩ። ቤተሰቦቹ ለዓመታት በየጓዳው ተጣበው ሲሰግዱና ልጆቻቸውን ቁርኣን ሲያስቀሩ ኖረው፣ በመጨረሻ መሰብሰቢያ የሚሆን አንድ ሰፊ ቤት በጋራ ገዙ። የመጀመሪያው ስብሰባም ኑውሩዝ በሚሉት የአዲስ ዓመት በዓላቸው እንዲሆን ተቀጠረ፤ በየከተማው የተበተኑ ወገኖቻቸውም ተጠሩ።

ጎረቤታቸው አናጢው አብዱልመናን ብቅ ብሎ፣ «ማሻአላህ፣ ቤቱ እንዴት ያምራል!» አለ።

«ቤቱ የእርስዎ ነው» አሉት ሐጂ።

በአገራቸው ወግ አንድ ነገር ሲደነቅ ባለቤቱ «የእርስዎ ነው» ይላል፤ እንግዳውም አመስግኖ እምቢ ይላል። አብዱልመናን ይህን አያውቅም፤ «አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ።

በበዓሉ ዋዜማ የአብዱልመናን እናት አረፉ። ጎጆው ጠባብ ነው፤ ዝናቡም አላቋረጠም። ከቀብር መልስ በቀጥታ ወደ ሐጂ መጣ።

«ሐጂ፣ ለቀስተኛ የማስቀምጥበት የለኝም። ቤቱ የእርስዎ ነው ስላሉኝ ነው የመጣሁት።»

ሐጂ ደነገጡ። «አንዴ ቆየኝ ልጄ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። የወንድማቸው ልጅ ቢዥን፣ አንደበተ ስለታም ጎልማሳ፣ ተከተላቸው።

«አጎቴ፣ ወግ ነው ብለው ይንገሩት እንጂ! ነገ እንደ ልማድዎ ‹ነፍሴ መሥዋዕት ይሁንልዎ› ሲሉት ቢላዋ ይዞ ሊመጣ ነው?»

ሐጂ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። ቢዥን ሐሰት አልተናገረም፤ በአገራቸው ቢሆን ማንም አይወቅሳቸውም። ይህን ቀን ሲናፍቁ የኖሩት ሕፃናትም ፊታቸው ላይ ድቅን አሉ።

«እሱ ወጋችንን አያውቅም» አሉ በመጨረሻ፤ «ቃሌን ግን ሰምቷል።» ወጥተውም የቤቱን ቁልፍ ለአብዱልመናን ሰጡት።

በማግስቱ ከሩቅ የመጡት እንግዶች የበዓል ልብሳቸውን እንደለበሱ ለቅሶ ላይ ደረሱ። ያጉረመረሙ ነበሩ። የሐጂ ባለቤት ገውሃር ግን ለበዓሉ የተዘጋጀውን ሩዝ ለለቀስተኛው አቀረቡ፤ ቁርኣን ተቀርቶ ዱዓ ሲደረግም ስደተኛውና የአገሬው ሰው በአንድ ድምፅ «አሚን» አሉ።

ለቅሶው ሲያበቃ አብዱልመናን ቤቱን ጠርጎ ቁልፉን አመጣ። «ወጋችሁን ቢዥን ነገረኝ። አፍሬአለሁ ሐጂ፤ ቤትዎን ይረከቡኝ።»

ሐጂ ቁልፉን መልሰው እጁ ላይ አኖሩት። «ቤቱ የእርስዎ ነው።»

ቢዥን ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«አሁን እኮ እምቢ ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ» አለ አብዱልመናን።

«እኔም አሁን አውቄ ነው የምለው» አሉ ሐጂ።

በቀጣዩ ኑውሩዝ በሩን ለእንግዶቹ የከፈተው አብዱልመናን ነበር።

ይህን የቸርነት ታሪክ ነው እያልኩ ለብዙዎች ተርኬአለሁ። ልክ አልነበርኩም፤ የአማና ታሪክ ነው። ሐጂ ከአፋቸው የወጣውን ቃል፣ የሰማው ሰው ዘንድ እንደተቀመጠ አደራ ቆጠሩት።

ዛሬ ጁሙዓ፣ ከሰላት ስመለስ፣ ለአዲሱ ጎረቤቴ «ቤቴ ቤትህ ነው» አልኩት። ገብቼም ይህን ጻፍኩ፤ በሩን ግን አልዘጋሁትም።