እመት ኤሊና ሽመላዎቹ

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ «የላም በረት» በሉኝና ስሙኝ።

ጅቦችና ዝንጀሮዎች ሰባት ዓመት ተዋግተው ሲታረቁ፣ የሀገሩ ብቸኛ ምንጭ በድንጋይ ተደፍኖ ነበር። እንስሳቱ ውሃ ፍለጋ የሦስት ቀን መንገድ ይሄዱ ነበር። ታጋሿ እመት ኤሊ አምስት ብርቱ ጃርቶች ይዛ ምንጩን መቆፈር ጀመረች።

በዚህ መሀል ሽመላዎች ከባሕር ማዶ ለእርዳታ መጡ። ደጎች ነበሩ፤ የሚያውቁት ግን ዛፍ ላይ ጎጆ መሥራት ብቻ ነው። ጭራሮ ለሚሸከምላቸው በቀን አንድ እፍኝ በቆሎ እንሰጣለን አሉ። ጃርቶቹም ልጆቻቸው ተርበው ነበርና እያፈሩ አንድ በአንድ ሄዱ። ኤሊ አልተቆጣቻቸውም። ብቻዋን ድንጋዩን በጀርባዋ መግፋት ቀጠለች።

ወቅቱ ሲዞር ሽመላዎቹ ወደ ሀገራቸው በረሩ። ጃርቶቹ ግን ወደ ቁፋሮው አልተመለሱም፤ ቁጭ ብለው የሚቀጥሉትን ሽመላዎች ይጠብቁ ጀመር። በዓመቱ ሌሎች መጡ፤ እነሱም ጎጆ ሠርተው ሄዱ። በሦስተኛው ዓመት የመጡት፣ ዛፉ ሁሉ ማንም ባልገባበት ጎጆ ተሞልቶ ሲያዩ ወደ ኤሊ ወረዱ።

«እመት ኤሊ፣ ምን እናድርግልዎ?» አሏት።

«ጃርቶቼን መልሱልኝ» አለች፣ ከድንጋዩ ቀና ሳትል።

ሽመላዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እሱ እንኳን ከያዝነው ውስጥ የለም» አሉ፤ «ጭራሮ ግን በብዛት አምጥተናል።»

«እንግዲያው እዚያ ጋ አስቀምጡት» አለችና እንደገና መግፋት ጀመረች።

ተረቴን መልሱ፤ ከተገኘም አፌን በውሃ አርሱ።