ማር የጫነችው አውሮፕላን

አንድ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪ ነበር። ዘመኑ ትንንሽ አውሮፕላኖች በሣር ሜዳ ላይ የሚያርፉበት፣ የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ የከተማው ሰው ሁሉ ከብቱን ከሜዳው ለማባረር እየተሳሳቀ የሚሮጥበት ደግ ዘመን ነበር።

አንድ ቀን ከአንዲት የጫካ ከተማ ክፉ ወሬ መጣ። አውሮፕላኗ ገና ከሜዳው እንደተነሳች አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ ጉልበት አጥታ ወደቀች። ብቻውን ይበር የነበረው ካፒቴን ልሳነወርቅ ሞተ።

ወሬው ለመርማሪው የጓደኛው መርዶ ነበር። ከልሳነወርቅ ጋር አብረው ነበር የተማሩት። ያ ሰው ለልምምድ ሲወጡ እንኳ የጓደኞቹን ቦርሳ አንድ በአንድ በእጁ አንስቶ ክብደቱን ሳይገምት አይበርም ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ በኪሎ ልትሸጠን ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱ እየሳቀ ማንሳቱን ይቀጥላል።

መርማሪው ቦታው ሲደርስ ስብርባሪውን ንቦች ወርረውታል። በጅራቷ በኩል የማር ማሰሮዎች ተከስክሰዋል።

«ማሩን ማን ጫነው?» ሲል የአገሩን አስተዳዳሪ ጠየቃቸው።

«እኔ ነኛ! ለበላይ አለቆቼ የላክሁት ነው» አሉ ሳይደብቁ። «ልጁማ ‹ጅራቷ ይከብዳታል፣ ይውረድልኝ› ብሎ አንገራግሮ ነበር። ‹ለጌቶች የተላከ ማር አላደርስም ልትል ነው? ምነው፣ አሳዳጊ የለህም?› ስለው አፈረ። አንገቱን ደፍቶ ገባ።»

መርማሪው ያየውንና የሰማውን ሁሉ ጽፎ ወደ አለቃው ሄደ። ማሩ ከተላከላቸው ጌቶች አንዱ እኚሁ አለቃ ነበሩ።

«መልካም ጽፈሃል» አሉት አንብበው ሲጨርሱ። «ማሩን ብቻ አውጣው።»

«ማሩ ከወጣ ምን ይቀራል፣ ጌታዬ?»

«አብራሪው ይቀራላ! እሱ እንደሆነ ይግባኝ አይል።»

«ልጆች አሉት እኮ። ስሙን ነው የምናወርሳቸው።»

«አንተም ልጆች አሉህ» አሉና ብዕሩን አቀበሉት።

መርማሪው አልፈረመም። ሌላ ሰው ፈረመ፤ አደጋው የአብራሪው ጥፋት ነው ተብሎ በራዲዮ ተነገረ። መርማሪውም ያን ሁሉ ትምህርቱን ይዞ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ፤ እዚያው ሸበተ። ዛሬም የትንሽ አውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ወደ ደጅ ወጥቶ ያንጋጥጣል፤ ያ የወጣትነት ሳቅ ሽው ይልበታል።

ያኔ ከሥራው በተነሳ ሰሞን ወደ ሟቹ ቤት ሄዶ፣ ለባለቤቱ ለወይዘሮ አልጋነሽ እውነቱን ነግሯት ነበር።

«ይውረድ ብሎ ነበር» አላት። «ባልሽ ያውቅ ነበር።»

እንባዋን ጠርጋ ትክ ብላ አየችው። «ካወቀ ታዲያ ለምን ተነሳ፣ ወንድሜ?»



ወዳጆቼ፣ እምቢ ማለት የሚገባው ሰው ሲያፍር፣ ማፈር የሚገባው ሰው ይፈርድበታል። ይሉኝታ ምድር ላይ ጨዋ ያሰኛል፤ አየር ላይ ግን እንደማንኛውም ጭነት ይከብዳል። እርስዎስ ዛሬ አፍረው የተሸከሙት የማንን ማር ነው?